ማዳበሪያ ስጨምር የቃሪያዬ ቅጠል ካልሲየምና ማግኒዚየም ለምን ወረደ?

ቃሪያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል። አራት መደብ ቃሪያ አለኝ፣ አፈሩ አንድ ነው ዘሩም አንድ ነው ውሃውም በጠብታ እኩል ነው ሚደርሳቸው። አንደኛው መደብ ምንም ማዳበሪያ አላገኘም፣ ሁለተኛው ከረጢቱ ላይ ከተጻፈው ግማሹን፣ ሦስተኛው ልክ የተጻፈውን፣ አራተኛው ደሞ እጥፉን። ኤንፒኬ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሺየም ያለበት) ነው፣ ከዛ ላይ ዩሪያ እየከፋፈልኩ እሰጣለሁ። አበባ ሲጀምር ከየመደቡ ቅጠል ለቅሜ ላብራቶሪ ሰጠሁ።

ውጤቱ ላይ ናይትሮጅንና ፖታሺየም እንደጠበቅኩት ከ1 ወደ 4 እየጨመረ ሄዷል። ካልሲየምና ማግኒዚየም ግን ተገላቢጦሽ! ምንም ያልቀመሰው መደብ ካልሲየሙ ከሁሉም ይበልጣል። ማንጋኒዝ ደሞ 4ኛው መደብ ላይ ዘሏል፣ እኔ ማንጋኒዝ የሚባል ነገር ጨምሬ አላውቅም። እና ማዳበሪያ ቅጠሉን ያራቁተዋል ማለት ነው እንዴ? እንዳልል ደሞ 1ኛው መደብ እኮ ቀጫጫ ቢጫ ነገር ነው፣ ዓይኔና ወረቀቱ አልስማማ አሉ።

ጭቃ ጫማ፦
ኧረ ተይ፣ ናሙናው ተቀያይሮ ነው። እንደዛ የቀጨጨ ተክል ከየት አምጥቶ ነው ካልሲየም ሚተርፈው? ደውለሽ ጠይቂያቸው።

ቅጠል አንባቢ፦
አልተቀያየረም። ናይትሮጅኑ በመደቦቹ ተራ መውጣቱ ራሱ ናሙናው በቦታው እንዳለ ያሳያል፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሙ።

ቃሪያዋ፣ ላቡ የሰጠሽ ቁጥር ፐርሰንት ነው። 100 ግራም የደረቀ ቅጠል ውስጥ ስንት ግራም ካልሲየም አለ ነው ሚለው፣ ተክሉ በጠቅላላ ከአፈር ስንት አወጣ የሚለውን ግን አይነግርሽም። 1ኛው መደብ ናይትሮጅን አጥቶ ማደግ አቁሟል፣ ውሃ መሳቡን ግን አላቆመም፣ ካልሲየም ደሞ ከውሃው ጋር ተጉዞ ቅጠል ይገባና እዛው ይቀራል፣ ወደሌላ ቦታ አይመለስም። ስለዚ በትንሽዬ ቅጠል ላይ ይጠራቀምና ፐርሰንቱ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ማዳበሪያ ያገኘው ደሞ ቅጠሉ ሰፍቶ በዝቶ ካልሲየሙ በዛው ልክ ሳይጨምር በብዙ ቅጠል ላይ ይበተናል። ይሄ መሳሳት (መቅጠን) ነው፣ እጥረት አይደለም።

በቁጥር እንየው፣ ለምሳሌ ያህል ነው ያንቺን አላየሁም። የአንድ ቀጫጫ ተክል ቅጠል ደርቆ 10 ግራም ቢመዝንና ካልሲየሙ 2.3 ፐርሰንት ቢሆን 230 ሚሊግራም ነው። የተመገበው 40 ግራም መዝኖ 1.5 ፐርሰንት ቢሆን ደሞ 600 ሚሊግራም። ፐርሰንቱ ያነሰው ነው ብዙ የወሰደው። ስለዚ ሚዛን ሳይኖርሽ ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ ማዳበሪያ አራቆተ ማለት አይቻልም።

ቃሪያዋ፦
ኦኬ ይሄ ገባኝ። ግን ናይትሮጅኑስ ለምን አልሳሳም? ቅጠሉ ከበዛ እሱም መሳሳት ነበረበት አይደል?

ቅጠል አንባቢ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ናይትሮጅንን አንቺ ነሽ እየጨመርሽ ያለሽው፣ እድገቱ ሚያሳሳውን ያህል አንቺ ትሞያለሽ ከዛም ያልፋል። ካልሲየም ግን ማንም አልጨመረም፣ አፈሩ የሚሰጠው ያው ነው። በተለይ ፖታሺየም ላይ ተክሉ ሆዳም ነው፣ በቂውን ካገኘ በኋላም መውሰዱን አያቆምም፣ ቅጠሉ ላይ ቁጥሩ ይወጣል ፍሬው ላይ ግን የተጨመረ ነገር የለም። 4ኛው መደብ ላይ ፖታሺየሙ ከፍ ስላለ ተክሉ ተጠቅሞበታል ብለሽ እንዳታስቢ።

እትዬ ችግኝ፦
ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ ይሄን የላብ ነገር ብዙም አልከታተልም፣ ቃሪያ ግን ሳለማ ኖሬያለሁ። ቃሪያዋ ልጄ፣ ያ 4ኛው መደብ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሰፋፊ ነው አይደል? አበባውን እያራገፈ ይሆናል። ዩሪያ ሲበዛበት ቃሪያ ቅጠል ላይ ያተኩራል፣ ፍሬ መያዝ ይዘገያል፣ ግንዱም ይለሰልስና ክሽክሽ ተባይ ይወደዋል። ከታች ያሉትን አሮጌ ቅጠሎች ደሞ እያቸው፣ ደም ስሩ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ቢጫ ከሆነ እሱ ከመሳሳት ያለፈ ነገር ነው።

ቃሪያዋ፦
እትዬ እንዴት አወቁ? አበባው እየረገፈ ነው፣ ሣሩን ስገልጥ ከሥሩ ነጫጭ አበባ ተነጥፎ አገኛለሁ። የታችኛው ቅጠል ደሞ ልክ እንዳሉት ነው፣ ደም ስሮቹ እንደ ቀለም እስክሪብቶ ተሰምረው መሃሉ ገርጥቷል፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። 3ኛው መደብ ላይ ይሄ የለም።

እሺ ወረቀቱን ልለጥፍ። 1ኛ መደብ፦ ናይትሮጅን 2.4፣ ፖታሺየም 2.6፣ ካልሲየም 2.3፣ ማግኒዚየም 0.6። 3ኛ መደብ፦ ናይትሮጅን 4.5፣ ፖታሺየም 4.1፣ ካልሲየም 1.5፣ ማግኒዚየም 0.45። 4ኛ መደብ፦ ናይትሮጅን 5.7፣ ፖታሺየም 5.8፣ ካልሲየም 0.9፣ ማግኒዚየም 0.26። ሁሉም በፐርሰንት ነው።

ከቅጠል አንባቢ ምክር በኋላ ደሞ ከየመደቡ ተክል ነቅዬ ቅጠሉን አድርቄ መዘንኩ። 3ኛው ከ1ኛው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። 4ኛው ግን ከ3ኛው እምብዛም አይበልጥም፣ በዓይን ግን ትልቅ ነበር ሚመስለው፣ ውሃ ነው መሰለኝ።

ቅጠል አንባቢ፦
አሁን ወሬው ጣፈጠ። እዩት እንግዲህ፣ ከ1 ወደ 3 ስንሄድ ካልሲየሙ ከ2.3 ወደ 1.5 ቢወርድም ቅጠሉ አራት እጥፍ ስለሆነ ተክሉ በጠቅላላ የወሰደው ከሁለት እጥፍ በላይ ጨምሯል። ያ ንጹህ መሳሳት ነው፣ ማንንም አያስጨንቅም። ከ3 ወደ 4 ግን ክብደቱ ሳይጨምር ፐርሰንቱ ከ1.5 ወደ 0.9 ወርዷል። ይሄ በመሳሳት አይመካኝም፣ ተክሉ በእውነት ያነሰ ካልሲየም ነው የወሰደው። ማግኒዚየሙም እንደዛው። አንድ አይነት መውረድ ይመስላል እንጂ ምክንያቱ ሁለት ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን ሁለቱን ቀላቅሎ ነው ሚያወራው።

የ4ኛው ምክንያት ሽሚያ ነው። ፖታሺየም፣ አሞኒየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም ሁሉም ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ናቸው። ሥሩ ላይ በአንድ ጠባብ በር እንደሚጋፋ ሕዝብ ናቸው፣ ፖታሺየም ፈጣንና ጉልበተኛ ነው፣ ማግኒዚየም ደሞ የመጨረሻው ደካማ። አፈርሽ ውስጥ ማግኒዚየም ሳይቀንስ ፖታሺየሙን ስለከመርሽበት ብቻ ቅጠል ላይ እጥረት ይታያል። ዩሪያውም መጀመሪያ ወደ አሞኒየም ነው ሚቀየረው፣ እሱም ካልሲየምን ይገፋል።

በንጽጽር፣ አበባ ላይ ላለ ቃሪያ ብዙ ላቦች ሚጠቀሙበት በቂ የሚባለው መጠን ናይትሮጅን ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ፣ ፎስፈረስ ከ0.3 እስከ 0.5፣ ፖታሺየም ከ2.5 እስከ 5፣ ካልሲየም ከ1 እስከ 2.5፣ ማግኒዚየም ከ0.3 እስከ 0.6 ፐርሰንት ነው፣ ሠንጠረዡ ከላብ ላብ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። 3ኛው መደብሽ ሁሉም ውስጥ ነው። 4ኛው በሁለቱ ከላይ በሁለቱ ከታች ወጥቷል።

ጭቃ ጫማ፦
እሺ ናሙናው አልተቀያየረም እንበል 😄 ግን ማንጋኒዙስ? ያልተሰጠ ነገር ከየት መጣ? እሱን አስረዳና አምናለሁ።

ኩርንችት፦
እሱን እኔ ልሞክር። ማንጋኒዝ አፈሩ ውስጥ ድሮም አለ፣ ታስሮ ነው የተቀመጠው። አሞኒየምን የአፈር ባክቴሪያ ወደ ናይትሬት ሲቀይረው አሲድ ይለቃል፣ ከዩሪያም ሆነ ከሌላ አሞኒየም ካለበት ማዳበሪያ ሊሆን ይችላል። መጠኑ እጥፍ ሲሆን ሥሩ ዙሪያ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ይወርዳል፣ ፒኤች ሲወርድ ማንጋኒዝ ይፈታል፣ ዚንክና ብረትም እንደዛው። በተለይ ከ5.5 በታች ከሄደ ማንጋኒዙ ከመጥቀም አልፎ ሊመርዝ ይችላል። ስለዚ ማዳበሪያው ማንጋኒዝ አላመጣም፣ አፈሩን ነው የቀየረው። የ4ኛውን መደብ ፒኤች ለክታችሁ ከ1ኛው ጋር አስተያዩት።

ዚንክ ላይ ደሞ ጥንቃቄ፣ አንድ ማዳበሪያ ሁለት ተቃራኒ ነገር ያደርጋል። በአሲዱ በኩል ዚንክን ይፈታል፣ በፎስፈረሱ በኩል ግን ዚንክን ከቅጠል ያወርዳል። ፎስፈረስ ሲበዛ ሥር ላይ ሚኖሩት ረዳት ፈንገሶች ይቀንሳሉ፣ እነሱ ናቸው ዚንክ ከሩቅ ሚያመጡት። የትኛው ያሸንፋል የሚለው አፈሩ ላይ ነው።

ቦይ ቀዳጅ፦
እኔ እንኳን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሁላችሁም ቁጥሩን አምናችሁ ተነሳችሁ፣ የትኛውን ቅጠል ነው የቆረጥሽው? ከታች ከሆነ እኮ ካልሲየሙ ከፍ ይላል፣ ከጫፍ ከሆነ ዝቅ ይላል። ማዳበሪያ ሳትነኪ ከአንዱ ተክል ከላይና ከታች ብትልኪ ራሱ ሁለት የተለያየ ተክል ይመስላል።

ቃሪያዋ፦
አዲስ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋውን፣ ከጫፍ ወደ ታች አራተኛ አምስተኛ ገደማ ያለውን። ከየመደቡ ሰላሳ ያህል ቅጠል፣ ከተለያየ ተክል። በወረቀት ፖስታ ነው ያደረግሁት።

ቦይ ቀዳጅ፦
እንደዛ ከሆነ ዝም ብያለሁ 👍 ላስቲክ ብታደርጊው ላብ ሳይደርስ ይሻግት ነበር። ለሌሎቻችሁ ግን፣ ናይትሮጅን ፎስፈረስ ፖታሺየም ማግኒዚየም ሲያጥር ተክሉ ከአሮጌ ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል ስለዚ ምልክቱ ከታች ይጀምራል፣ ካልሲየም ቦሮንና ብረት ግን ከገቡበት አይነቃነቁም ስለዚ ምልክቱ ከላይ ነው። ከዚህ የተነሳ ነው መሃል ያለው ቅጠል ሚመረጠው። ጊዜውም ያው ወሳኝ ነው፣ ፍሬ ከተሸከመ በኋላ ናይትሮጅንና ፖታሺየም ከቅጠል ወደ ፍሬ ይሸሻሉ፣ የአበባ ሠንጠረዥ ይዛችሁ የፍሬ ጊዜ ቅጠል ካነበባችሁ ማዳበሪያ ያነሰ ይመስላችሁና ትከምራላችሁ።

ደሞ ኮፐር ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ከረጫችሁ የኮፐር ቁጥሩን እርሱት፣ ቅጠሉ ላይ የተለጠፈውን ነው ላቡ ሚያነበው። ብረትም አቧራ ካለ ይዋሻል።

ጭቃ ጫማ፦
እንግዲያው ይሄ ሁሉ ካለበት የቅጠል ምርመራ ምን ይሠራል? ቅጠሉ ይሳሳል፣ ቦታው ይለውጠዋል፣ ጊዜው ይለውጠዋል፣ አቧራው ይዋሻል። ዓይንህን ተጠቀም፣ እትዬ ችግኝ ያለ ላብ አወቁት አይደል።

እትዬ ችግኝ፦
አይ ጭቃዬ፣ እኔን ምስክር አታድርገኝ። ዓይን ሚያየው ከመሸ በኋላ ነው። ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን ድረስ አበባው ረግፏል። እኔ ማግኒዚየም ይሁን ሌላ መሆኑን በግምት ነው ያልኩት፣ ብረት ያጠረውም እኮ ደም ስሩ አረንጓዴ መሃሉ ቢጫ ነው፣ ልዩነቱ እሱ ከአናት መጀመሩ ነው።

ቅጠል አንባቢ፦
እትዬ እንዳሉት ነው። እኔ ደሞ ምጨምረው፣ ቁጥሩ ለብቻው ከተነበበ እውነትም ያሳስታል፣ ጎን ለጎን ከተነበበ ግን ዓይን ሊያየው ማይችለውን ያሳያል። የቃሪያዋ 2ኛ መደብ ምን ይላል? ፎስፈረሱና ዚንኩ ከ1ኛው በታች ወርዶ ከሆነ አትደንግጪ፣ ክፉኛ የተራበ ተክል ትንሽ ሲያገኝ እድገቱ ከንጥረ ነገሩ ይቀድማል፣ ፐርሰንቱ መጀመሪያ ይወርድና ከዛ ነው ሚነሳው። ዴንማርካዊው ስቲንብየርግ ያሳየው ነገር ነው፣ እስካሁን በስሙ ይጠራል። ይሄን ማያውቅ ሰው ግማሽ ማዳበሪያ ጎጂ ነው ብሎ ይደመድማል።

ቃሪያዋ፦
አዎ! ዚንኩ 2ኛው ላይ ከ1ኛው ያንሳል፣ እኔማ ላብ ስህተት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ሌላ ጥያቄ፣ 4ኛው መደብ ላይ ከያዙት ጥቂት ፍሬዎች የተወሰኑት ጫፋቸው አካባቢ ጠቁሮ ቆዳ የመሰለ ሰርጓዳ ቦታ አለ። የካልሲየም እጥረት ነው ይላሉ። ግን 3ኛው መደብ ላይም አንድ ሁለት አየሁ፣ እሱ እኮ ካልሲየሙ 1.5 ነው።

ቅጠል አንባቢ፦
እዚህ ላይ ነው ወረቀቱ ማይረዳሽ። ካልሲየም ውሃ ወደሚተንበት ነው ሚሄደው፣ ቅጠል ብዙ ያተናል፣ ፍሬ ግን ሰም ለብሶ ምንም አያተንም ማለት ይቻላል። ስለዚ ቅጠሉ 2 ፐርሰንት ይዞ ፍሬው ካልሲየም ሊያጣ ይችላል። ናይትሮጅን ያበዛሽበት ተክል ደሞ ቅጠሉ ትልቅ ስለሆነ ውሃውን እየጠቀለለ ይወስድበታል። 3ኛው ላይ ያየሽው አንድ ሁለት ፍሬ ውሃው ሲቋረጥና ሲለቀቅ የመጣ ይመስለኛል፣ ማዳበሪያ አትንኪ፣ ጠብታውን አስተካክይው። ካልሲየም ቅጠል ላይ ብትረጪም ከቅጠል ወደ ፍሬ አይወርድም፣ ራሱ ፍሬው ላይ ካላረፈ ድካም ነው።

ቦይ ቀዳጅ፦
ደሞ ፀሐይ ያቃጠለው እንዳይሆን እዪ። እሱ ነጣ ብሎ እንደ ወረቀት ይደርቃል፣ ሁልጊዜ በፀሐይ በኩል ባለው ጎን ነው። ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ የጠቆረ ፍሬ ካገኘሽ ያ ካልሲየም ነው።

ገና ጀማሪ፦
ይቅርታ መሃል ገባሁ፣ እኔ በማሰሮ ነው ሁለት ሦስት ቃሪያ ያለኝ። ማዳበሪያ በውሃ አድርጌ ባጠጣሁ ቁጥር እሰጣለሁ። የቅጠሉ ዳር እየተቃጠለ ነው፣ አፈሩ ላይ ደሞ ነጭ ቅርፊት ነገር አለ። ምን ጎደለው? ፖታሺየም ነው ብሎ አንድ ሰው ነገረኝ።

ኩርንችት፦
ኧረ ፖታሺየም እንዳትጨምርበት! ነጩ ቅርፊት ጨው ነው፣ የማዳበሪያው ትርፍ። ቃሪያ ጨው አይችልም፣ የአፈሩ ኢሲ (የጨዋማነት መለኪያው) ከ1.5 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲያልፍ ምርቱ መውረድ ይጀምራል፣ ከዛ በኋላ በየአንዷ ቁጥር ወደ 14 ፐርሰንት ይቀንሳል። ማሰሮ ደሞ ጨው ሚሸሽበት ቦታ የለውም። ንጹህ ውሃ ከታች እስኪፈስ ድረስ ደጋግመህ አሳልፍበትና ለተወሰነ ጊዜ ማዳበሪያ አቁም። የፖታሺየም እጥረትም ዳር ያቃጥላል፣ ግን ባጠጣህ ቁጥር እየሰጠህ ፖታሺየም ያጥራል ማለት ይከብዳል በለው ለዛ ሰውዬ።

ገና ጀማሪ፦
አመሰግናለሁ፣ ዛሬውኑ አጥባለሁ።

ጭቃ ጫማ፦
ቃሪያዋ ምን ልታደርጊ ነው እንግዲ? 4ኛውን ትነቅይዋለሽ?

ቃሪያዋ፦
አልነቅልም፣ ኤንፒኬውንም ዩሪያውንም አቁሜ ምን እንደሚሆን አያለሁ። ፒኤች ለክቼ መጣሁ ደሞ፣ 4ኛው ከ1ኛው በግልጽ ዝቅ ብሏል። ኩርንችት ትክክል ነህ። ማግኒዚየም ሰልፌት አፈር ላይ ላድርግ ወይስ ልርጭ?

ኩርንችት፦
አፈር ላይ ብታደርጊው አሁንም ከፖታሺየም ጋር ይጋፋል፣ ቅጠል ላይ ርጪው፣ በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ግራም፣ ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ወይ ወደ ማታ። ቀድመው ቢጫ የሆኑት እንደ አዲስ ላይሆኑ ይችላሉ፣ ከላይ ያሉትን ነው ምታድኚው። ለሚቀጥለው ዘር ፒኤቹ ካልተነሳ ዶሎማይት ኖራ አስቢበት፣ ካልሲየምም ማግኒዚየምም አለው። ከመትከልሽ ቀደም ብለሽ ግን፣ ቀስ ብሎ ነው ሚሠራው።

ቅጠል አንባቢ፦
ከረጢቱን ስታነቢም አንድ ነገር ያዢ፣ ኤንፒኬ ተብሎ የተጻፈው የመሃሉና የመጨረሻው ቁጥር በኦክሳይድ ነው፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ የተቆጠረ። ፎስፈረሱን በ0.44፣ ፖታሺየሙን በ0.83 አባዢው፣ ከቅጠል ወረቀቱ ጋር ማወዳደር ምትችዪው ከዛ በኋላ ነው። ዩሪያው 46 ፐርሰንት ናይትሮጅን ነው እሱ እንዳለ ነው። እጥፍ አደረግሁ ስትዪ የትኛውን ስንት እንዳደረግሽ ያኔ ታያለሽ።

ቃሪያዋ፦
ማግኒዚየሙን ከረጨሁ በኋላ ድጋሚ ቅጠል ብልክ ቁጥሩን ላምነው?

ቅጠል አንባቢ፦
የተረጨውን ቅጠል አትላኪ፣ ታጥቦም ላዩ ላይ ይቀራል። ከርጭቱ በኋላ የወጣ ቅጠል እስኪዘረጋ ጠብቂ፣ እሱን ቁረጪ። 3ኛውንም አብረሽ ላኪ፣ ካለሱ 4ኛውን ከምን ጋር ታስተያዪዋለሽ።

ጭቃ ጫማ፦
ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ ለጥፊው፣ ደሞ በዚህኛውም ተቀያይሯል እላለሁ።